«ልጄ ውለታ ቢስ ሆነብኝ»

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ አካባቢ የምኖር እናት ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሁለት ልጆቼን ብቻዬን አሳድጋለሁ። ወንዱ 13 ዓመቱ ሲሆን ጃንሜዳ በሚለማመድ የታዳጊዎች ፕሮጀክት ውስጥ ኳስ ይጫወታል። አሰልጣኙ አባት ሆኖለታል ማለት እችላለሁ። ወርሃዊ መዋጮ አያስከፍለኝም፤ ታኬታና ስልክ ገዝቶለታል፤ ቡድኑ ወጌሻ ስለሌለው ሲጎዳ ራሱ ያሸዋል፤ እሑድ ጠዋት ጨዋታ ካለ ልጄ ቅዳሜ እርሱ ቤት ያድራል። ማታ ማታም በስልክ ይመክረዋል። ከጥምቀት ወዲህ ግን ልጄ «አልሄድም» ብሎ አስቸገረኝ። ለምን ስለው «አልፈልግም» ከማለት በቀር መልስ የለውም። ባለፈው ሳምንት ታኬታውን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቶት አገኘሁ። በሰውየው ፊት አፈርኩ። እህቱ ከመሸ ከቤት የማትወጣ ጨዋ ልጅ ናት፤ እርሱ ማንን እንደመሰለ አላውቅም። ይቅርታ እንዲጠይቅ ይዤው ልሄድ አስቤያለሁ። እንዴት ልምከረው?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ይዘውት አይሂዱ። ይቅርታም አያስጠይቁት። ምክንያቴን እነግርዎታለሁ፤ ከሁሉ በፊት ግን ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ ልጅዎ በገዛ ቤቱ እንዲያድር አደራ እላለሁ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አብዛኛው ስለ አሰልጣኙ ደግነት ነው። ልጅዎ በዚህ ሁሉ ውስጥ የተናገረው «አልሄድም» እና «አልፈልግም» ብቻ ነው። ታኬታውን በመስጠት ግን ከቃል የበለጠ ተናግሯል። ጠዋት ጃንሜዳን ያየ ሰው ታኬታ ለ13 ዓመት ልጅ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ልጆች በሸራ ጫማ አንዳንዴም በባዶ እግር በሚሯሯጡበት ሜዳ ታኬታ ያለው ልጅ ከሩቅ ይለያል። ኳስ የሰለቸው ልጅ ታኬታውን አልጋ ሥር ይረሳዋል፤ ወይም ይሸጠዋል። የእርስዎ ልጅ በነጻ ከቤት አስወጣው። ከጫማው ጋር የመጣ አንድ ነገር የከበደው ይመስለኛል።

የጻፉልኝ የውለታ ዝርዝር ነው። እስቲ ያንኑ ዝርዝር በልጅዎ ዓይን እንደገና ያንብቡት። አንድ አዋቂ ሰው ከጓደኞቹ ለይቶ ስጦታ ይሰጠዋል። ስልክ ይገዛለታል፤ በዚያው ስልክ ማታ ያነጋግረዋል። ሰውነቱን ያሸዋል። ቤቱ ያሳድረዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሌላ ሰው አጠገባቸው ይኑር አይኑር አልጻፉልኝም፤ ምናልባት ጠይቀውም አያውቁ ይሆናል።

በሕፃናት ላይ ጥቃት የሚፈጽም አሰልጣኝ ብዙ ጊዜ ከልጁ በፊት የሚይዘው ወላጁን ነው። ብቻዋን የምታሳድግ እናት ያለችበትን፣ ኑሮ የከበደበትን፣ ልጁ ትልቅ ክለብ እንዲደርስ የሚመኝን ቤት ይመርጣል። ይረዳል፤ ይመጣል ይሄዳል፤ ቤተኛ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የልጁን አፍ ለመዝጋት ማስፈራራት ላያስፈልገው ይችላል፤ የእናቲቱ ምስጋና ብቻውን ይበቃል። ልጁ በየቀኑ «እርሱ ባይኖርልን ምን ይውጠን ነበር» ስትል ይሰማታል። ለጎረቤት ስታመሰግነው ይሰማል። ታዲያ በዚህ ሰው ላይ ክፉ ቃል ከአፉ ቢወጣ ማን ያምነዋል? ቢታመንስ የእናቱን ደስታ ያፈረሰው እርሱ ራሱ አይሆንም? ስለዚህ ዝም ይላል፤ ዝምታው ሲከብደው ደግሞ ምክንያቱን ሳይናገር «አልፈልግም» ይላል። ውለታውን የተቀበሉት እርስዎ ሆነው ሳለ ዕዳውን የሚከፍለው ልጁ ይሆናል።

ማመስገንዎ ጥፋት አይደለም። ብቻዎን ልጅ ሲያሳድጉ የሚያግዝ ሰው ቢያገኙ ማን ይነቅፍዎታል? ልጅዎን «ውለታ ቢስ» ሲሉት ግን ሳያስቡት የአሰልጣኙን ወገን ይዘዋል፤ ልጁም ይህን አውቋል። ሴት ልጅዎ ከመሸ እንደማትወጣ ነግረውኛል። አንድ አሰልጣኝ «ቅዳሜ ልጅሽ እኔ ጋ ትደር» ቢልዎት ኖሮ ደጁን ይዘጉበት ነበር። ለወንዱ ሲሆን ጥያቄው እንኳ አልመጣም። በብዙ ቤት የማየው ነውና ነገሩ ያንገበግበኛል፤ ወንድ ልጅም የሚደፈር ልጅ ነው።

በእንግሊዝ አንዲ ዉድዋርድ የተባለ የቀድሞ ተጫዋች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር 2016 ስሙን ሳይደብቅ በልጅነቱ አሰልጣኙ ባሪ ቤኔል እንደደፈረው ተናገረ። ቤኔል ታዳጊዎችን ቤቱ የሚያሳድር፣ ለትልቅ ክለብ አበቃችኋለሁ የሚል ሰው ነበር። ወላጆች ያምኑት ነበር። የዉድዋርድን እህት እስከ ማግባት ደርሶ ከቤተሰቡ ጋር ሲቀመጥ ልጁ ምስጢሩን ይዞ ኖረ። በ2018 ቤኔል በ12 ልጆች ላይ በፈጸመው ወንጀል 30 ዓመት ተፈረደበት።

የልጅዎ አሰልጣኝ እንዲህ ያለ ሰው ነው አልልም። ከደብዳቤ ይህን ማወቅ አይቻልም። ተጠባባቂ መሆን ያስመረረው፣ ከጓደኛ የተጣላ፣ ሰውነቱ መለወጥ ጀምሮ ያፈረ ልጅም ልምምድ ይተዋል። ነገር ግን ለሕፃን ሌሊት መደወል፣ ብቻ ለብቻ ማሸት፣ ቤት ማሳደር፣ ለአንዱ ብቻ ስጦታ መስጠት ሌላ ነገር ባይኖርባቸውም መቆም ያለባቸው ድርጊቶች ናቸው፤ ለማመልከትም የበለጠ ማስረጃ መጠበቅ አያስፈልግም። ቅን አሰልጣኝ «ከእንግዲህ ሲታሽ አጠገቡ እቀመጣለሁ» የሚል ወላጅ አያስከፋውም።

ልጅዎን ፊት ለፊት አስቀምጠው አይመርምሩት። ሱቅ አብራችሁ ስትሄዱ፣ ወይም ሽንኩርት ስትልጡ እንዲህ ይበሉት፦ «ታኬታውን በመስጠትህ አልቆጣም። ኮች ላደረገልን ሁሉ አንተ የምትከፍለው ነገር የለም። ያስከፋህ ነገር ካለ እኔ ካንተ ጋር ነኝ።» ከዚያ ዝም ይበሉ። በዚያ ቀን ምንም ላይል ይችላል፤ ሳምንታት ሊፈጅበትም ይችላል። ሲናገር ደግሞ «እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?» የሚለው ጥያቄ ከአፍዎ እንዳይወጣ ይጠንቀቁ።

አሰልጣኙን ብቻዎን ሄደው አይጋፈጡት። በስልኩ ላይ ያሉትን መልእክቶችም አያጥፉ። ያዩትን ብቻ በጽሑፍ ለፕሮጀክቱ ኃላፊና ለወረዳው የስፖርት ጽሕፈት ቤት ያቅርቡ፤ በዚያ ቡድን ውስጥ የሌሎች እናቶች ልጆችም አሉ። ልጅዎ ተነክቻለሁ ካለ ግን ጉዳዩ የክለብም የሽማግሌም አይደለም፤ የፖሊስ ነው። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚመረምረውን ክፍል ይጠይቁ። በቅርብ ቀን የሆነ ነገር ከሆነ አይዘግዩ፤ ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው ማዕከል ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት የሕክምና፣ የሥነ ልቦናና የሕግ አገልግሎትን በአንድ ቦታ ይሰጣል። ፍርድ ቤት የሚያስፈራዎት ከሆነም፣ በልደታ ፍርድ ቤት ሕፃናት ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት ሳይገናኙ በሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ ቃላቸውን የሚሰጡበት አሠራር አለ።

በደብዳቤ የምንጨርሰው ነገር አይደለም። እኔ ጋ ቢመጡም፣ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሌላ ባለሙያ ጋ ቢሄዱም፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻዎን ይሂዱ፤ እርስዎም የሚያወሩት ብዙ ነገር ይኖርዎታል። ልጁ የሚመጣው እርሱ ሲፈቅድ ነው።