ከ600 ዶላሩ ላይ መጀመሪያ የመፍጫውን አንሺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው፣ ለኤስፕሬሶ ማሽን 600 ዶላር ይዘናል፣ ጋጂያ ክላሲክ ይሻላል፣ ብሬቪል ባምቢኖ ወይስ ዴሎንጊ ዴዲካ ብለሻል። ባለቤትሽ ደግሞ መፍጫው አብሮ የተገጠመበትን ባሪስታ ኤክስፕረስ ይፈልጋል። ጠዋት ጠዋት ሁለታችሁ ማኪያቶ ትጠጣላችሁ፣ እንደ ፒያሳው እንዲሆንላችሁ ትፈልጋላችሁ፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ እንግዳ አይጠፋም። ኋላ አገር ቤት ስንገባ ይዘነው እንሂድ ወይ የሚልም ጨምረሻል። አራቱንም ማሽኖች አውቃቸዋለሁ። ጋጂያን ለዓመታት ቤቴ ተጠቅሜበታለሁ፣ አሁን ያለኝ ባምቢኖ ነው። ሁለቱ ደግሞ ዘመድና ጓደኛ ቤት አሉ፤ በሄድኩ ቁጥር ቡና የማወጣው እኔ ነኝ።

ከማሽኑ በፊት ግን ስለ መፍጫ እናውራ። ጥያቄሽ ውስጥ ስሙ አልተነሳም፤ የማኪያቶሽን ጣዕም ከሁሉም በላይ የሚወስነው ግን እሱ ነው።

ካርቶኑ ላይ «15 ባር» ተብሎ በትልቁ ተጽፎ ታያለሽ። አያታልልሽ። ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ ኤስፕሬሶ የሚፈልገው 9 ባር አካባቢ ነው። 15 የሚባለው ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው ነው እንጂ ቡናው የሚያገኘው ግፊት አይደለም። በ9 ባር የሚመጣ ውሃ ደግሞ በተጠቀጠቀው ቡና ውስጥ ሲያልፍ የሚቀለውን መንገድ ነው የሚፈልገው። ቡናው አንዱ ጋ ሻካራ፣ ሌላው ጋ ዱቄት ከሆነ ውሃው በሻካራው በኩል ሰንጥቆ ያልፋል። ከዚያ አንዱ ስኒ ውስጥ ኮምጣጣውም መራራውም አብረው ይመጣሉ። ይህን የሚያስተካክል ማሽን የለም፤ 3000 ዶላር ብታወጪም።

ሙቀጫ ለጀበና ምንም አይወጣለትም። ቡናው ውሃው ውስጥ ይፈላል፣ አተላው ይዘቅጣል፣ የአፈጫጩ ልዩነት ብዙም አይጎዳም። ለኤስፕሬሶ ግን አይሆንም። ምላጭ ያለው የቅመም መፍጫም እንደዚያው። የሚያስፈልግሽ በሁለት ጥርሳም ብረቶች መሃል ቡናውን እኩል አድርጎ የሚፈጭና ለኤስፕሬሶ ያህል የሚያደቅ ነው። ባራትዛ ኢንኮር ኢኤስፒ 200 ዶላር አካባቢ ነው፤ ለጀማሪ ቤት እሱን እመክራለሁ። በእጅ የሚዞር ከፈለግሽ ኪንግራይንደር ኬ6 በ100 ዶላር አካባቢ ይገኛል፣ አፈጫጩም በጣም ጥሩ ነው። ችግሩ እሁድ ነው። ስድስት ሰው ቁጭ ብሎ እየጠበቀ በእጅ መፍጨት ክንድ ያዝላል። አደራሽን ደግሞ፣ የገዛሽው መፍጫ ውስጥ ኮረሪማም ሆነ ቅርንፉድ እንዳይገባ። ሽታው ብረቱ ላይ ይቀራል፣ ለብዙ ጊዜም አይለቅም።

እንግዲህ ከ600ው 200 ሄደ። ለማሽን የሚቀረው 400 አካባቢ ነው። አሁን ምርጫው ይቀላል።

ዴዲካን በቶሎ ልለፈው። ስፋቱ 15 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ ጠባብ ኩሽና ይወደዋል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ግን አብሮት የሚመጣው ወንፊት ሥሩ ድርብ ነው፤ ቡናው የሚወጣው በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነው። ከሱቅ ተፈጭቶ የተገዛ፣ የሰነበተ ቡና ብታስገቢም አረፋ ይሰጥሻል። ያ አረፋ ከቀዳዳው የመጣ ነው እንጂ ክሬማ፣ ማለትም ከቡናው ከራሱ የሚወጣው ወፍራም አረፋ፣ አይደለም። ወተት ሲገባበት ይጠፋል፣ ጣዕሙም ቀጭን ነው። የተፈጨ ቡና እየገዛ ለሚኖር ሰው ይሆናል። አንቺ ግን ስለ ፒያሳ ማኪያቶ ነው የጻፍሽው።

ጋጂያ ክላሲክ እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ የወጣ ማሽን ነው። ዛሬም ውስጡ ብዙ ስላልተቀየረ መለዋወጫ እንደ ልብ ነው። ጎሚኒው ሲያልቅ፣ የውሃ መርጫው ሲደፈን ቤት ውስጥ በመፍቻ ትቀይሪዋለሽ። እጀታው ላይ ያለው ወንፊት 58 ሚሊሜትር ነው፤ የካፌ ማሽኖች የሚጠቀሙበት መጠን ስለሆነ መጠቅጠቂያም ወንፊትም በሽ ነው። አዲሱ ኢቮ ፕሮ የሚባለው ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ 9 ባር ላይ ተስተካክሎ ነው። የእኔን ስወደው ነው የኖርኩት። አንድ ነገር ግን እወቂ። ቦይለሩ፣ ማለትም ውሃ ማሞቂያው፣ ትንሽ ነው፤ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ይይዛል። ቡናም እንፋሎትም የሚመጣው ከዚያው ነው። ቡናውን ካወጣሽ በኋላ የእንፋሎቱን ማብሪያ ተጭነሽ እስኪግል ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ ወተቱን አረፋ ታስይዢዋለሽ። ለሚቀጥለው ስኒ ደግሞ ውሃ አፍስሰሽ ታቀዘቅዢዋለሽ። ያንን ካልሠራሽ ሁለተኛው ቡና ያራል። ለሁለት ሰው ደስ የሚል ሥራ ነው። ለስድስት እንግዳ ግን ከማሽኑ ሥር ሳትነሺ ጨዋታው ያልፍሻል። ጠዋት ሥራ ለሚቸኩል ሰውም 15 ወይም 20 ደቂቃ ቀድሞ መለኮስ አለበት።

ባምቢኖ እዚህ ላይ ይበልጠዋል። ውሃው በሦስት ሴኮንድ ይሞቃል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እጀታው ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ መጀመሪያ ቡና ሳታስገቢ ባዶውን ውሃ አሳልፊበት፣ ስኒዎቹንም በዚያው ውሃ አሙቂ። ከቡና ወደ እንፋሎት ሲዞር ብዙ አያስጠብቅም፣ ተመልሶ ሲበርድም እንዲሁ። ጉድለት አለው። ቀላል ስለሆነ እጀታውን ስትቆልፊ ማሽኑ ይንሸራተታል፣ በሌላኛው እጅሽ መያዝ አለብሽ። ወንፊቱ 54 ሚሊሜትር ነው። ሲበላሽ እንደ ጋጂያ ቤት ውስጥ ፈታትተሽ የምትጠግኚው አይደለም። ተራው ባምቢኖ 300 ዶላር አካባቢ ነው፤ ፕላስ የሚባለው ወተቱን ራሱ አረፋ ያስይዛል፣ ዋጋው ግን ወደ 500 ይጠጋል። ተራው ይበቃሻል። ስትገዢ ሥሩ ነጠላ የሆነው ወንፊት አብሮት መኖሩን እዪ። ከሌለ ለብቻው ይሸጣል፣ ያለ እሱ ጥሩው መፍጫ ከንቱ ነው።

ባለቤትሽ ያለው ባሪስታ ኤክስፕረስ መጥፎ አይደለም። ለእናንተ ግን አልመርጠውም። በጀታችሁን ያልፋል፣ በመፍጫው ቁጥሮች መሃል ያለው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ አፈጫጩን በልክ ማስተካከል ያስቸግራል። አንዱ ሲበላሽ ደግሞ ሁለቱም ጥገና ቤት ይሄዳሉ።

ስለዚህ እኔ ብሆን ተራውን ባምቢኖ ከኢንኮር ኢኤስፒ ጋር እገዛለሁ። በቀረው ገንዘብ እስከ ነጥብ አንድ ግራም የምትለካ ሚዛን፣ የብረት መጠቅጠቂያና ትንሽ የወተት አረፋ ማስያዣ ጆግ ያዢ። ሚዛኑን አትዝለይው። 18 ግራም የተፈጨ ቡና አስገቢ፣ ስኒውን ሚዛኑ ላይ አድርጊ፣ ከ25 እስከ 30 ሴኮንድ ባለው ጊዜ 36 ግራም ያህል እንዲወጣ አድርጊ። በ10 ሴኮንድ ጎርፎ ቢያልቅና ቢኮመጥጥ አድቅቂው። ጠብ ጠብ ብሎ ቢመርር አሻክሪው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ።

ወተቱ ሙሉ ስብ ያለው ይሁን። የእኛ ማኪያቶ ትንሽ ስለሆነ ወተቱም ጥቂት ነው፤ ጥቂት ወተት ደግሞ ሳታስቢው ይፈላል። ለሁለት ስኒ የሚሆነውን አንድ ላይ አረፋ አስይዢ። የእንፋሎት ቱቦውን ጫፍ መጀመሪያ ከወተቱ ፊት ብዙ አታርቂው፤ ጽስ ጽስ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰምተሽ ወተቱ ትንሽ ከፍ ሲል ቱቦውን ጠለቅ አድርጊና ወተቱ እንዲሽከረከር አድርጊ። ጆጉን በእጅሽ መያዝ ሲያቅትሽ አቁሚ፣ ያኔ 60 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል። ጠቆር ያለ ለሚወድ ወተቱን ቀንሺለት።

ከአገር ቤት ስለሚላክልሽ ጥሬ ቡና ደግሞ ይህን ልጨምርልሽ። ለጀበና እንደምናደርገው ቆልተሽ እዚያው ማሽን ውስጥ አትክተቺው። ገና የተቆላ ቡና ውስጡ ጋዝ አለ። ውሃውን ይገፋዋል፣ ስኒው ላይ በአረፋ የተሞላ ወፍራም ክሬማ ታያለሽ፣ ስትጠጪው ግን ባዶ ነው። ቆልተሽ አቀዝቅዢው፣ ዕቃ ውስጥ ከድነሽ ሳምንት ያህል አቆዪው። አቆላሉም እኩል ይሁን፤ ምጣዱን ዝም ብለሽ አትተዪው። ከመጀመሪያው መንጣጣት በኋላ ጠቆር እስኪል ጠብቂ፣ ዘይቱ ፊቱ ላይ ከመውጣቱ በፊት አውጪ። እዚህ ሱቅ የሚሸጠው በስሱ የተቆላ የታጠበ ይርጋጨፌ በእነዚህ ማሽኖች ከወተት ጋር ሲሆን ይኮመጥጣል። ለማኪያቶ የሐረር ደረቅ ቡና መካከለኛ ተቆልቶ ይሻላል ባይ ነኝ። የእኛ ቡና ፍሬው ጠንካራና ትንሽ ስለሆነ ሲፈጭ ብናኝ ይበዛዋል፤ ከብራዚል ቡና ወደ እሱ ስትዞሪ የመፍጫውን ቁጥር እንደገና ማስተካከል አለብሽ።

ውሃው በማጣሪያ ጆግ የተጣራ ይሁን። ዲስቲልድ ውሃ አታድርጊ፤ ቡናውን ያፈዘዋል። ማሽኑ አጽዳኝ ብሎ ሲያበራ ችላ አትበዪው፤ ቱቦ ውስጥ የሚጋገረው የውሃ ነጭ ዝቃጭ ነው ማሽን የሚገድለው።

አገር ቤት ይዘነው እንሂድ ወይ ላልሽው፣ አይሆንም ነው መልሴ። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። 1500 ዋት የሚበላ ማሽን የሚሸከም መቀነሻ ትራንስፎርመር ከባድም ውድም ነው። በዚያ ላይ እዚህ 60 ኸርዝ፣ እዚያ 50 ስለሆነ ፓምፑም እንደለመደው አይሠራም። ስትገቡ እዚህ ያለውን ሽጡት፣ ለዚያ በአውሮፓ ወይም በዱባይ የሚሸጠውን ባለ 220 ግዙ። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥለው የቮልቴጅ መከላከያም ጨምሩበት። የእጅ መፍጫ ከገዛችሁ ግን እሱን ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፣ እሱ መብራት አይጠይቅም።