በአካባቢ ጋዜጠኝነት ለመጀመር፦ አንድ ቦታ ይምረጡና ይመላለሱበት

«በተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ተመርቄያለሁ፤ የአካባቢ ጋዜጠኛ ሆኜ ውሎ አድሮም መጽሐፍ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር? ሙያውስ እንጀራ ይሆናል?» ብለው ለጠየቁን የቡድናችን አባል፣ በሥራው አሥራ አራት ዓመት እንደቆየ ሰው የማውቀውን ላካፍልዎ።

እንጀራውን በተመለከተ፣ በአካባቢ ዘገባ ብቻ የሚተዳደር ባልደረባ አላጋጠመኝም፤ ብዙዎቻችን የፍርድ ቤትና የንግድ ዜና እየሠራን ነው ለሐይቁና ለደኑ ጊዜ የምናብቃቃው። መጽሐፍም ቢሆን፣ የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ጸሐፊው ራሱ ነው።

ለመጀመር ግን አንድ ቦታ ይምረጡና ለዓመታት ይመላለሱበት። እኔ የያዝኩት ጣናን ነው። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በሐይቁ ላይ መኖሩ በ2004 ዓ.ም. ከታወቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ያገኘሁትን የሄክታር አኃዝ ይዤ በዘመቻው ምክንያት አረሙ በግማሽ መቀነሱን ጻፍኩ። ወደ ደምቢያ ዳርቻ ስመለስ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ መረባቸውን ጎትተው አሳዩኝ። ጥቁር፣ ጸጉር የመሰለ የእምቦጭ ሥር ከመረቡ ጋር ተጠላልፎ፣ በመካከሉ ቆሮሶ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ዓሣዎች ብቻ ነበሩ። ስለ ዘገባዬ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ የለካችሁት በየትኛው ወር ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሰነዱን ደግሜ ስመረምር የመጀመሪያው ልኬት በኅዳር፣ ሁለተኛው በግንቦት የተወሰደ ሆኖ አገኘሁት። የመገጭ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ከማሳ ያጠቡትን አፈርና ማዳበሪያ ይዘው ሐይቁን ከሞሉት በኋላ፣ አረሙ በጥቅምትና በኅዳር ይንሰራፋል፤ በበጋ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ዳር ላይ የቀረው ይደርቃል። የዘመቻ ውጤት ብዬ የጻፍኩት፣ በአብዛኛው የወቅት ልዩነት ሊሆን እንደሚችል የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ ማስተካከያም እንዲወጣ ጠየቅሁ። እርስዎ የተማሩት ትምህርት ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የእምቦጭ ዘር በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት እንደሚቆይ የሚያውቅ ዘጋቢ፣ «አረሙ ተወገደ» የሚል መግለጫ ሲሰጠው በሚቀጥለው ጥቅምት ተመልሶ ማየት እንዳለበት አይዘነጋም።

ስለ አበልም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። መኪናውንም፣ ሆቴሉንም፣ አበሉንም አዘጋጁ አካል በሚሸፍንበት ጉዞ የሠራኋቸውን ዘገባዎች ዛሬ ሳነብባቸው፣ አብዛኞቹ የመክፈቻ ንግግር ናቸው፤ የገበሬውም የአስጋሪውም ድምፅ የለባቸውም። በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ቢሆን በራስዎ ገንዘብ፣ በሕዝብ አውቶቡስ ይሂዱ።

በሄዱ ቁጥር ቀኑን፣ ውኃው የደረሰበትን ምልክት፣ በገበያ ላይ የዓሣውን ዋጋና ያነጋገሩትን ሰው ቃል በአንድ ደብተር ይመዝግቡ፤ ከአንድ ቦታ ላይም ሁልጊዜ ፎቶግራፍ ያንሡ። አሁን እየጻፍኩት ያለሁት መጽሐፍ የተነሣው ከእነዚህ ደብተሮች ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍም የሚከፈተው በእኒያ አባት ጥያቄ ነው። የሚመርጡትን ቦታ ቢጽፉልን፣ በዚያ አካባቢ የሠራን አባላት ማንን ማነጋገር እንደሚገባዎ ልንጠቁምዎ እንችላለን።