ቀለሙ ለምን እምቢ አለ? የቤት ውስጥ ሙከራ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ጭማቂ በሎሚና በቤኪንግ ሶዳ ቀለሙን የሚለውጥበትን ሙከራ ልንሠራ ፈልገን፣ ቀይ ጥቅል ጎመን ስላጣን በቀይ ሥር ጭማቂ ሞከርን። ሎሚም ሶዳም ብንጨምርበት ቀለሙ ያው ቀይ ነው። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ያጠፋችሁት የለም፤ ቀይ ሥር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀለሙ ቤታላይን ከሚባል ወገን ነው፤ በሎሚም በሶዳም ብዙ አይለወጥም። አንቶሲያኒን የሚባለው የጥቅል ጎመኑ ቀለም ግን አሲድ ሲያገኝ ይቀላል፣ ሶዳ ሲያገኝ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ጎመኑ ከጠፋ ከርከዴ ይሞክሩ፤ አንቶሲያኒን አለው። ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ከመነሻው ቀይ ነው፤ ለውጡ የሚታየው ሶዳ ሲገባበት ነው።

ጎመኑን ካገኙ ሩብ ራስ በቀጭኑ ይክተፉ፤ ትልቅ ሰው ሁለት ብርጭቆ የፈላ ውኃ ያፍስበትና 20 ደቂቃ ይቆይ። አጥልለው በሦስት ብርጭቆ ያካፍሉት። በአንዱ 1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ በሌላው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩ። ሦስተኛውን አይንኩት። ብዙ ሰው ይህን ብርጭቆ ይዘለዋል፤ ያለ እሱ ግን ልጁ ቀለሙ ከምን ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ ማነጻጸር አይችልም። ቤኪንግ ፓውደር ሶዳውን አይተካም፤ አሲድ ስላለበት አረፋ ይሠራል እንጂ ቀለሙን አጥርቶ አያወጣም። በረኪና በፍጹም አይቅረብ! ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ጥያቄ፦ በጠርሙስ እርሾ፣ ስኳርና ውኃ ጨምረን አፉ ላይ ፊኛ አጠለቅን። ሁለት ሰዓት ጠብቀን አልተነፋም። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በእናንተ ብርድ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ሙቀቱን ነው። ለግማሽ ሊትር ጠርሙስ 150 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና 2 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ ይበቃል። ውኃው ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ይሁን፤ የእጅ አንጓ ላይ ጠብ ሲያደርጉት ለብ ያለ ነው። 60 ዲግሪ ከደረሰ እርሾውን ይገድለዋል። ጠርሙሱን ለብ ያለ ውኃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ያቁሙት፤ ሲቀዘቅዝ ውኃውን ይቀይሩ። ፊኛውን አስቀድመው ሁለት ሦስት ጊዜ ነፍተው ያላሉት። ይህም ካልሠራ እርሾው አርጅቶ ይሆናል፦ ለብ ባለ ስኳር ውኃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አረፋ ካላወጣ ይጣል። ሲሳካ ለልጆቹ እንጀራ አሳዩአቸው፤ ዓይኑን የሚያወጣው ፊኛውን የሚነፋው ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ጥያቄ፦ እንቁላል በአቼቶ ዘፍዝፈን አደረ፤ ቅርፊቱ ግን አልለቀቀም።

መልስ፦ ቅርፊቱ ሲሟሟ አቼቶውን ያደክመዋል። አረፋው ሲቆም አፍስሰው በአዲስ ይተኩ፤ እስከ 48 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የቀረውን ነጭ ነገር በውኃ ውስጥ በጣት ቀስ አድርገው ያሹት። ጋዝ ስለሚወጣ ዕቃውን አጥብቀው አይክደኑ። እንቁላሉ ጥሬ ነው፤ አይበላም፣ የነካው እጅም በሳሙና ይታጠብ።