ልጄ ስልክ ፊት አይቀመጥም፤ የቪዲዮ ምክሩ ምን ይጠቅመዋል?

ጥያቄ፦ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። የሚናገራቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ታብሌቱን ስወስድበት ይጮሃል፣ ያገኘውን ይወረውራል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የራሱን ጆሮ ግንድ በጥፊ መምታት ጀምሯል። ባለሙያ በአካል ለማግኘት ወረፋው ረጅም ስለሆነ በቪዲዮ ጥሪ እንድንጀምር ተነገረን። ልጄ ግን ስልክ ፊት አንድ ደቂቃ አይቀመጥም። ባለሙያዋ አጠገቡ ሳትሆን ምን ልታደርግለት ነው? ጊዜ ማባከን አይሆንብንም?
የጨነቃት እናት

መልስ፦ ውድ እናት፣ ልጅዎ ስልኩ ፊት መቀመጥ የለበትም። በጥሪው የሚሠለጥኑት እርስዎ ነዎት። እሱ እንደወትሮው ይጫወት። ስልኩን ክፍሉ በደንብ በሚታይበት ከፍ ያለ ቦታ ያስደግፉት፤ እርስዎ ጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ፤ ባለሙያዋ በጆሮዎ እየነገረች ትመራዎታለች። ድምፅዋ ከስፒከር ከወጣ ልጁ ወደ ስልኩ ይሮጣል፤ ያኔ ሥራው ይበላሻል። እኔ ከወላጆች ጋር ስሠራ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ለዚሁ ነው የማውለው፦ ካሜራው የት ይቀመጥ፣ ድምፅ ይሰማል ወይ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ ማን መልሶ ይደውላል።

ይህ አሠራር ተሞክሮ የታየ ነው። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 107 ሕፃናት ተካተዋል። ለአንዳንዶቹ ባለሙያ ቤታቸው ድረስ ሄዷል፤ የቀሩት ቤተሰቦች ከክሊኒክ ወይም ከቤታቸው ሆነው በቪዲዮ ተመክረዋል። በሦስቱም ወገን አስቸጋሪው ባህርይ በአማካይ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። በሦስቱም ከልጁ ጋር የሠራው ወላጁ ነበር።

አሁን ወደ ታብሌቱ። ባለሙያዋ መጀመሪያ የምትጠይቅዎ ከመጮሁ በፊት ምን እንደሆነ፣ ከጮኸ በኋላ ደግሞ ምን እንዳገኘ ነው። ልጅ የሚጮኸው የሚፈልገውን ለማግኘት፣ የከበደውን ለመሸሽ ወይም ሰው እንዲያየው ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ድርጊቱ ራሱ ለሰውነቱ የሚሰጠው ስሜት አለ። የእርስዎ ልጅ ታብሌቱን ለማስመለስ ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ጩኸቱን የሚተካ መጠየቂያ ያስፈልገዋል፤ ለምሳሌ የታብሌት ሥዕል ያለበት ካርድ። ታብሌቱን ለአፍታ ይይዙበታል። ሳይጮህ፣ ገና እጁን ሲዘረጋ፣ ቀስ ብለው እጁን እየመሩ ካርዱን እንዲሰጥዎ ያግዙታል። ካርዱ እጅዎ እንደገባ «ታብሌት!» ብለው ይመልሱለታል። ወዲያው! ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይዘገያል፤ ልጁ በአፉ እንዲጠይቅ ወይም ትንሽ እንዲታገሥ ይፈልጋል። ባለሙያዋ በጆሮ ማዳመጫው «አሁኑኑ ይስጡት» የምትለው ለዚህ ነው። መታገሥን የሚለማመደው ካርዱ እንደሚሠራለት ካመነ በኋላ ነው፤ ያውም ከጥቂት ሰከንድ ተጀምሮ።

በመጀመሪያ ጩኸቱ ሊብስ ይችላል። እስከ ዛሬ ይሠራለት የነበረ ነገር ስለሆነ አበርትቶ ይሞክረዋል። በዚያ ሰሞን ቀጠሮ አይሰርዙ፤ በጣም የሚያስፈልግዎ ያኔ ነውና። በቀጠሮዎች መካከል የሆነውን በስልክዎ ቀርጸው ማሳየትም ይችላሉ። ነገር ግን ቅጂው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ አስቀድመው ይጠይቁ። በጭንቀቱ ሰዓት የተቀረጸ ልጅ ነው፤ ክብሩ ሊጠበቅለት ይገባል።

ከደብዳቤዎ በጣም ያሳሰበኝ ጆሮ ግንዱን መምታት የጀመረው በቅርቡ ነው ማለትዎ ነው። ሕመሙን መናገር የማይችል ልጅ ጆሮው ሲያመረቅዝ ወይም ጥርሱን ሲያመው ራሱን ሊመታ ይችላል፤ ይህን ደግሞ ካሜራ አያሳይም። የቪዲዮ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ሐኪም ጆሮውንና ጥርሱን እንዲያይለት ያድርጉ። ምቱ የሚያቆስለው ወይም የሚያሳብጠው ከሆነም ለባለሙያዋ ሳይደብቁ ይንገሯት፤ እንዲህ ያለው ልጅ በቪዲዮ ብቻ ሊያዝ አይገባም። በአካል ለሚያየው ሰው ወረፋው እንዲቀደምለት ይጠይቁ፤ ካልሆነም ደግመው ይጠይቁ።