የአባቱን የድሮ ላንድክሩዘር ፒካፕ አድሶ “ስንት ታወጣለች?” ላለን ወንድም

ከአጋሮ የጻፍክልን ወንድም ጥያቄህን አይቼዋለሁ፣ ሌላውም እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። ከአባቱ የቀረች የ1978 እ.ኤ.አ. ሞዴል ላንድክሩዘር ፒካፕ አለችው፣ ኤፍጄ45 የምትባለዋ፣ ቤንዚኑን 2ኤፍ ሞተር አውጥቶ 2ኤች ናፍጣ አስገብቶባታል፣ ላሜራ፣ ቀለም፣ ወንበር ምናምን ሁሉን ሰርቶ 950 ሺህ ብር ወጥቶባታል። ወራሾቹ እሱን ጨምሮ ሶስት ልጆች ናቸው፣ ወንድሙና እህቱ ድርሻችን ይሰላ እያሉ ነው። ደላላው 1.4 ሚሊዮን ነው የምታወጣው ይላል፣ አሜሪካ ያለ ዘመዱ ደግሞ “እዚህ እኮ 50 ሺህ ዶላር ትሸጣለች” ብሎ ፎቶ ልኮለታል፣ እሱ በልቡ 2.5 ሚሊዮን ይዟል። ሳትታደስ ግን እየሰራች ያለች ያንኑ ዓይነት ፒካፕ በቅርቡ እዛው አጋሮ በ1.2 ሚሊዮን መሸጧንም ነግሮናል። ከነገርከኝ ሁሉ ለኔ የምትጠቅመኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

የአሜሪካውን ተወው። እዛ 25 ዓመት የሞላው መኪና ያለብዙ ጣጣ ይገባል፣ ሰብሳቢ አለው፣ ሃገርቲ የሚባለው የድሮ መኪና ኢንሹራንስ ድርጅት ዋጋ ሲያወጣ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ሰጥቶ ነው፣ 1 ማለት እንከን የማይወጣላት ለውድድር የምትቆም፣ 4 ማለት የምትሄድ ግን ጉድለቷ በዓይን የሚታይ። ያ ሰብሳቢ የሚከፍለው ፋብሪካ ላይ እንደወጣች ስትሆን ነው፣ ሞተሯ የተቀየረ ስትሆን ወዲያው ይቀንስብሃል። እኛ ጋ ግን ገዢህ ቡና ነጋዴ ነው ወይ እርሻ ያለው ሰው፣ እሱ ደግሞ ቤንዚን በሚጠጣ 4.2 ሊትር ሞተር ሸቤና ዴዶ መመላለስ አይፈልግም፣ ናፍጣ ስትለው ደስ ይለዋል። ስለዚ ያው አንድ ስራ እዛ ዋጋ ያወርዳል እዚህ ይጨምራል፣ ሁለቱን ማነጻጸር አይሆንም።

2ኤች ማስገባትህን ወድጄዋለሁ። ቶዮታ ራሱ በኤችጄ47 ላይ፣ ማለትም በዚችው ፒካፕ የናፍጣ እህት ላይ የገጠመው ሞተር ስለሆነ ሻንሲው፣ ማለትም ከስር ሁሉን የሚሸከመው የብረት አካሏ፣ ይችለዋል፣ እንደሌላው ቅያሪ የማይሆን ነገር በብየዳ አልተገጣጠመም ማለት ነው። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። ሻንሲው ላይ የተመታው ኤፍጄ45 ይላል፣ ኤፍ ማለት ደግሞ የቤንዚኑ ሞተር ቤተሰብ ነው፣ ሊብሬህ ላይም ቤንዚን ተብሎ የድሮው የሞተር ቁጥር እንዳለ ነው። አዋቂ ገዢ ሲመጣ ቀለም አያይም፣ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አካባቢ በርከክ ብሎ በባትሪ ሻንሲው ላይ ያለውን ቁጥር ያነባል፣ ከዛ ኮፋኖ አስከፍቶ የሞተሩን ቁጥር ያያል፣ ከዛ ሊብሬውን ይጠይቅሃል፣ ሶስቱ ካልተስማሙለት ወይ ትቶህ ይሄዳል ወይ ለስጋቱ ብሎ ብዙ ብር ይቆርጥብሃል። ደላላው 1.4 ያለህ ሊሸውድህ ብቻ አይመስለኝም፣ ይሄን ስጋት ቆጥሮ ነው። ሞተሩን የገዛህበትን ደረሰኝና ውል ይዘህ መንገድ ትራንስፖርት ሂድ፣ ሞተሩና የነዳጁ ዓይነት ሊብሬው ላይ ይስተካከል። ሊብሬው አሁንም በአባትህ ስም ከሆነ ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ ስም አዙሩ፣ በሟች ስም ያለ መኪና ላይ ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ሰው አታገኝም። አደራህን የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በግራይንደር እንዳትነካው፣ ቀለም ከወፈረበትም በማስለቀቂያ ቀስ ብለህ አንሳው፣ የተፋቀ ቁጥር ያለው መኪና እኮ የተሰረቀ ነው የሚመስለው።

አሁን ላሜራው። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ እነዚህ ፒካፖች ደግሞ ብዙዎቹ ከቡናው ሌላ ጨው ሲጭኑ ነው የኖሩት፣ ጨው የተጫነበት ካሶኒ፣ ማለትም ከኋላ ያለው የጭነቱ ሳጥን፣ ከላይ ቢያምርም ከስር ሻንሲው ላይ በሚታሰርባቸው ቦታዎች ይበላል። ከመስታወቱ ፍሬም ስር፣ ከበሮቹ ታች፣ ከምንጣፉ ስር ያለው ወለል፣ የጣሪያው የውሃ መውረጃ፣ እነዚህን ነው እኔ መጀመሪያ የማየው። ባለፈው አንዲት እንደመስታወት የምታበራ ፒካፕ መጥታ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለን በሩ ታች ላይ ስናስጠጋው አልይዝ አለ፣ ፋቅ ስናደርገው ሁለት ጣት የሚሞላ ስቱኮ፣ ከስቱኮው ኋላ ላሜራ የለም፣ ወረቀት ነው የተጠቀጠቀው፣ ባለቤቱ ቆሞ እያየ ዝም አለ፣ ገዝቷት ገና ወር አልሞላውም። ያንተን እንዲህ ፈትሻት። የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ጋራዥ ካገኘህ ይበልጥ ጥሩ፣ የፋብሪካ ቀለም ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) አካባቢ ነው፣ በደንብ የተቀባ ድጋሚ ቀለም 200 እና 300 ያሳያል፣ ከ500 ካለፈ ስር ስቱኮ አለ ማለት ነው። ላሜራው ተቆርጦ አዲስ ሲበየድ ያነሳኸው ፎቶ ካለህ በስልክህ እንዳይቀር፣ አሳትመህ ከደረሰኞቹ ጋር አስቀምጠው፣ ያ ፎቶ ብር ነው።

ወደ ሂሳቡ እንግባ። መነሻችን ያልታደሰችው የተሸጠችበት 1.2 ሚሊዮን ነው፣ ግን በእርግጥ የተከፈለው ብር መሆኑን አጣራ፣ የተጠየቀውን ወይም ውል ላይ የተጻፈውን አትመን። ከሐምሌ 2016 በፊት የተሸጠም ከሆነ ጣለው፣ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ ሌላ ሆኗል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 ፐርሰንት ጥሎ፣ በኋላም የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ፣ አገር ውስጥ ያለው መኪና ሁሉ ዋጋው ተሰቅሏል፣ ያንተም ከዚህ ተጠቅማለች።

ከዛ ያወጣኸውን 950 ሺህ እንዳለ አትደምርበት፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከዘረዘርከው ሞተርና ላሜራው 600 ሺህ ነው፣ ይሄን ገዢ ያከብረዋል፣ እኔ 70 ፐርሰንቱን እቆጥርልሃለሁ፣ 420 ሺህ። ቀለምና ወንበር 250 ሺህ፣ ከዚህ 40 ፐርሰንት፣ 100 ሺህ። የቀረው 100 ሺህ ለቴፕ፣ ለመብራትና ካሶኒው ዙሪያ ላሰራኸው እንጨት የሄደው ነው፣ እንጨቱን በፎቶ አይቼዋለሁ፣ የጅማ አናጢ እጅ መሆኑ ያስታውቃል በጣም ያምራል፣ ነገር ግን ነጋዴ ለሱ አይከፍልህም፣ ዜሮ ነው፣ ከፈለክ ፈተህ ለራስህ አስቀረው። ድምሩ 1,720,000 ይመጣል። እነዚህ ፐርሰንቶች በየጊዜው ሲሸጥ ሲለወጥ ካየሁት ያወጣኋቸው ናቸው፣ ሌላ ባለሙያ ትንሽ ከፍ ወይ ዝቅ ሊያደርጋቸው ይችላል፣ 2.5 ግን ማንም አያደርስልህም።

የቤተሰቡ ነገር ላይ በጣም ተጠንቀቅ፣ ከመኪናው ይልቅ እሱ ነው ያሳሰበኝ። ወንድምና እህትህ ከ1.72 ሚሊዮኑ ላይ ሲሶ ሲሶ ይገባናል ካሉ አንተ ተጎዳህ፣ አንተ ደግሞ 950 ሺሄን መጀመሪያ ላንሳ ካልክ እነሱ ተጎዱ። አባታችሁ የተወላችሁ ያልታደሰችዋን ነው፣ 1.2 ሚሊዮን፣ ለሶስት 400 ሺህ ይደርሳችኋል። በስራህ የጨመርከው ዋጋ 520 ሺህ ነው፣ እሱ ያንተ ነው። መኪናዋን ልታስቀራት ካሰብክ ለሁለቱ 400፣ 400 ሺህ ስጥ፣ ከሸጣችኋት ደግሞ መጀመሪያ 520 ሺህህን አንሳ ቀሪውን ተካፈሉ፣ የሊብሬና የፍርድ ቤቱ ወጪ የጋራ ይሁን። በሽማግሌ ፊት ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ለመሸጥ ከወሰናችሁ አሁን በክረምቱ አትቸኩል፣ ጥቅምትና ህዳር ላይ ቡና ሲለቀም ብርም ፈላጊም ይመጣል። ገዢው ሲመጣ ሞተሩን ቀድመህ አታሙቀው፣ በቀዝቃዛው ይነሳለት፣ ከዛ ጭነት አድርጋችሁ ወደ ጅሬን አቀበቱን አውጡት፣ ሙቀቱ ካልጨመረ፣ ሰማያዊ ጭስ ካላወጣች፣ ፎር ዊሉም ሳያስቸግር ከገባ ክርክሩ ግማሹ አለቀ። 1,850,000 ብለህ ጀምር፣ ሊብሬው ከተስተካከለ ከ1,650,000 በታች እንዳትሰጥ። ካልተስተካከለ ግን የደላላው 1.4 ራሱ ሊያጓጓህ ይችላል፣ ስለዚ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የሞተሩን ደረሰኝ ፈልግ።