ለስዊች የተሠራው የካርቶን ቪአር ኪት፦ ሙሉው ይሻላል ወይስ ማስጀመሪያው?

ሰላም እህቴ። ለጌም መጫወቻው ኮንሶል ለኒንቴንዶ ስዊች የተሠራውንና በካርቶን የሚገጣጠመውን የላቦ ቪአር ኪት (ቪአር ማለት በመነጽር ሲያዩት በዙሪያዎ ያለ የሚመስል ምስል ነው) ያገለገለ ሆኖ እንዳገኙት፣ ለ9 እና ለ6 ዓመት ልጆችዎ ሊገዙት እንዳሰቡ፣ ነገር ግን ጥቂት ቀን ተጫውተውበት ጥግ እንዳይጥሉት እንደሰጉ ጽፈዋል። ሙሉውን ኪት ልግዛ ወይስ ማስጀመሪያውን ብቻ ሲሉም ጠይቀዋል። እኔ ስድስቱንም መሣሪያዎች ከልጄ ጋር ሆኜ አንድ በአንድ ስለገጣጠምኳቸውና ዛሬም አብዛኞቹ ስለሚሠሩልን፣ ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ።

ከሁሉ በፊት ቤትዎ ያለው ስዊች የትኛው እንደሆነ ይመልከቱ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና። የካርቶኑ መነጽር የተለካው ስክሪኑ 6.2 ኢንች ለሆነው ለመጀመሪያው ስዊች ነው። ኮንሶሉ ወደ ካርቶን መያዣው በልኩ ሲገባ የስክሪኑ መሃል ከሁለቱ ሌንሶች መሃል ጋር ይገጥማል፤ ይህ ልክ ትንሽ እንኳ ከተዛባ ሁለቱ ዓይኖች የሚያዩት ምስል አይዋሐድም። ስዊች ላይት ስክሪኑ 5.5 ኢንች ብቻ ከመሆኑም በላይ መቆጣጠሪያዎቹ ከአካሉ ስለማይነቀሉ ለዚህ ኪት አይሆንም። የኦሌዱ ስዊች ስክሪን 7 ኢንች ሲሆን አካሉም በጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ ካርቶኑ ለእርሱ ልክ አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ስዊች 2 ደግሞ ጭራሽ ትልቅ ነው፤ አዲሱ ጆይ-ኮንም (ከኮንሶሉ ጎን የሚነቀለው መቆጣጠሪያ) ኪቱ የሚፈልገው የኢንፍራሬድ ካሜራ፣ ማለትም ዓይን የማያየውን ብርሃን የሚያይ ካሜራ፣ የለውም። የእርስዎ የመጀመሪያው ስዊች ከሆነ ግን ቀኙ ጆይ-ኮን ጤነኛ መሆኑን ያረጋግጡ። የኢንፍራሬድ ካሜራው ያለው በቀኙ ግርጌ ላይ ብቻ ነው፤ በግራው ላይ የለም። የኪቱ ብልሃት ሁሉ ማለት ይቻላል በዚያች ጥቁር መስኮት ላይ የቆመ ነው።

ኪቱ ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 2019 ሲሆን ከላቦ ኪቶች አራተኛው ነው። ሙሉው ኪት መነጽሩን፣ መተኮሻውን፣ ካሜራውን፣ ወፉን፣ ዝሆኑንና በእግር የሚረገጠውን የንፋስ ፔዳል ይይዛል። ማስጀመሪያው ከጌም ካርዱ ጋር ከስድስቱ መሣሪያዎች መነጽሩንና መተኮሻውን ብቻ ይይዛል፤ ዝሆኑና ካሜራው በአንድ ተጨማሪ ጥቅል፣ ወፉና ፔዳሉ በሌላ ጥቅል ለብቻቸው ይሸጡ ነበር። ተጨማሪ ጥቅሎቹ የጌም ካርድ የላቸውም። ስለዚህ አንድ ሰው ዝሆኑን ብቻ በርካሽ ልስጥዎ ቢልዎ፣ ካርዱ ከሌለዎት የገዙት ባዶ ካርቶን መሆኑን ይወቁ፤ የአገጣጠሙ መመሪያ እንኳ በወረቀት ታትሞ የሚመጣ ሳይሆን በካርዱ ውስጥ ያለ ነው።

አሁን ወደ ስጋትዎ ልምጣ። ይህንን ኪት በዋነኛነት ለሚታየው ምስል ሲሉ ከገዙት ልጆችዎ ቶሎ ይሰለቹታል። ለመገጣጠሙና አሠራሩን ለመረዳት ከገዙት ግን ለዚህ ዕድሜ ከዚህ የተሻለ አሻንጉሊት አላውቅም፤ ይህንንም የምለው ልጄ ከጨዋታው ይልቅ የካርቶኑን ሆድ ዕቃ ለማየት ብዙ ሰዓት ሲያጠፋ ስላየሁ ነው።

መገጣጠሙ መቀስም ሙጫም አይፈልግም። ሉሆቹ አስቀድመው የተቆረጡና የማጠፊያ መስመር የተሰመረባቸው ስለሆኑ ቁራጮቹን በጣት ገፋ አድርጎ ማውጣት፣ ማጠፍና ምላሶቹን ወደ ቀዳዳቸው ማስገባት ብቻ ነው። መመሪያው በስክሪኑ ላይ እየተንቀሳቀሰ ይታያል፤ ልጁ ምስሉን ከየትኛውም አቅጣጫ አዙሮ ማየት፣ ወደ ኋላ መመለስና በፈለገው ፍጥነት ማስኬድ ይችላል። እኛ መነጽሩን በአንድ ሰዓት ገደማ ጨረስነው፤ መተኮሻው ግን ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ወስዶብናል፤ ዝሆኑን በሁለት ቀን ከፍለን ሠራነው። የሥራ ክፍፍላችን ልጁ መመሪያውን እንዲመራና እንዲያጥፍ፣ እኔ ደግሞ ቁራጮቹን አውጥቼ እንዳቀብል ነበር፤ ይህንን በጣም እመክራለሁ፤ ምክንያቱም አዋቂው ሠርቶ የሰጠውን ካርቶን ልጁ የእኔ ነው ብሎ አይንከባከበውም። አንድ ስሕተት የሠራሁት በመተኮሻው ላይ ነበር፤ መሽቶብን ስለነበር ተቻኩዬ አንዱን እጥፋት በተቃራኒው አቅጣጫ አጠፍኩትና ምላሱ ተቀደደ። በቀጭን ግልጽ ፕላስተር ከውጭ በኩል ለጥፌው እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ነገር ግን ያ ጎን ከሌላው ይልቅ ላላ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን መስመር መጀመሪያ በጥፍር ጫን ብለን ከተከተልነው በኋላ ማጠፍ ስለጀመርን ሌላ የተቀደደ የለም።

ዝሆኑን ለብቻው ማንሳት የምፈልገው የኪቱ ምርጥ አሳብ ያለው በእርሱ ውስጥ ስለሆነ ነው። መነጽሩ ጭንቅላት የት እንደዞረ የሚያውቀው በኮንሶሉ ውስጥ ባሉት የእንቅስቃሴ ዳሳሾች፣ ማለትም በጋይሮስኮፑና በአክሰለሮሜትሩ ነው። እነዚህ ቀና ማለትን፣ መዞርንና ማዘንበልን ያውቃሉ እንጂ ሰውዬው አንድ እርምጃ ወደፊት መሄዱን አያውቁም። ስለዚህ ልጁ አንድን ነገር ለማየት ጠጋ ቢል፣ በምስሉ ውስጥ ነገሩ አይቀርበውም። ዝሆኑ ላይ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ጆይ-ኮኑ በሚተጣጠፈው ኩምቢ ላይ ይሰካል፤ የኢንፍራሬድ ካሜራው ብርሃን በሚያንጸባርቁት ምልክቶች ላይ ያነጣጥራል፤ ከምልክቶቹ የሚመለሰው ብርሃን በካሜራው ውስጥ የት ቦታና በምን ያህል መጠን እንደታየ በማስላት ሶፍትዌሩ እጁ ቀርቦ እንደሆነ ወይም ርቆ፣ ወደ ላይ ወጥቶ እንደሆነ ወይም ወደ ታች ወርዶ ያውቃል። ካርቶኑና ጥቂት ተለጣፊ ምልክቶች ከኢንፍራሬድ ካሜራው ጋር ተባብረው እጅን በሦስቱም አቅጣጫ ይከታተላሉ ማለት ነው። በዝሆኑ ከሚሠሩት ጨዋታዎች አንዱ በአየር ላይ ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል መሣል ሲሆን፣ ልጄ የሣለውን ቤት ዞሮ ከጀርባው ያየበትን ቀን አልረሳውም። አንዱን ምልክት በእጄ ሸፍኜ ሥዕሉ ሲንቀጠቀጥ ባሳየሁት ጊዜ ደግሞ፣ ማንም ሳያስረዳው «ካሜራው እሱን ነበር የሚያየው ማለት ነው» አለኝ። የ9 ዓመት ልጅዎ ይህንን በሚገባ ይረዳዋል፤ መመሪያውም ከግንባታው በኋላ አሠራሩን የሚያብራራ ክፍል ስላለው አብረው እንዲያነቡት እለምንዎታለሁ።

ሌሎቹም የየራሳቸው ብልሃት አላቸው። ካሜራው ሌንሱ ሲዞር ምስሉን እያቀረበና እያራቀ በባሕር ውስጥ ዓሣ ፎቶ ያስነሳል፤ ለኔ ከሁሉም ይልቅ የሚያረጋጋው እርሱ ነው። መተኮሻው የፊት እጀታው ተስቦ ሲጫን የሚያሰማው ድምፅና ሲለቀቅ የሚሰጠው ግፊት በላስቲክ ብቻ የተገኘ መሆኑ ያስደንቃል። ፔዳሉ ሲረገጥ ካርቶኑ አየር ገፍቶ ፊት ላይ እውነተኛ ንፋስ ስለሚያመጣ ዘሎ የወጣ ያስመስላል። ወፉ እጀታዎቹ ሲጨመቁ ክንፉን ያርገበግባል፤ ከእኛ መካከል ቶሎ የተሰለቸው እርሱ ነው።

ስለ ምስሉ ጥራት አስቀድመው ቢያውቁ ይሻላል። የስዊች ስክሪን ስፋቱ 1280፣ ቁመቱ 720 ፒክሰል ነው። ለሁለት ዓይን ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ስፋት ቢበዛ 640 ፒክሰል ይሆናል፤ ያም በሌንስ ጎልቶ ስለሚታይ ነጠብጣቦቹ በግልጽ ይለያሉ። ለዚሁ ኪት ተብለው የተሠሩት ትንንሽ ጨዋታዎች ቀለማቸው ደማቅ፣ ቅርጻቸው ቀላል ስለሆነ ጉድለቱ እምብዛም አይሰማም። በኋላ በማሻሻያ አማካይነት የቪአር አማራጭ የተጨመረላቸው ትልልቅ ጌሞች ግን የተለዩ ናቸው። የዜልዳን ሰፊ ዓለም በዚህ መነጽር ለማየት ሞክሬ ሩቁ ተራራ ሁሉ ደብዛዛ ስለሆነብኝ፣ ክንዴም ስለዛለ ከሃያ ደቂቃ በላይ አልቆየሁም። የማሪዮ ኦዲሲ የቪአር ክፍል አጫጭር ተልእኮዎችን ብቻ የያዘ ስለሆነ ከዚያ የተሻለ ነው። ለእነዚህ ጌሞች ሲሉ ግን ኪቱን አይግዙ።

ክንድ ይዝላል ያልኩት መነጽሩ በጭንቅላት ላይ የሚታሰርበት ማሰሪያ ስለሌለው ነው፤ ወደ ዓይን ተጠግቶ በእጅ ይያዛል። መጀመሪያ ላይ ይህንን እንደ ጉድለት ቆጥሬው ነበር፤ ከልጆች ጋር ከተጠቀምኩበት በኋላ ግን ትክክለኛ ውሳኔ መሆኑን አምኛለሁ። ልጁ ሲያዞረው ወዲያውኑ ከፊቱ ያወርደዋል፤ ለወንድሙ ወይም ለእኅቱ ለማቀበልም ምንም መፍታት አያስፈልግም፤ ተራ መጠበቁ ስለሚያጥር ጠብም ይቀንሳል። በራሳችሁ ማሰሪያ ሠርታችሁ ለመጨመር አትሞክሩ፤ የኮንሶሉ ክብደት በልጅ አፍንጫ ላይ እንዲያርፍ ታስቦ አልተሠራምና። በአንድ ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ከተጫወቱ በኋላ እረፍት እንዲያደርጉ ያድርጉ፤ ማቅለሽለሽ የጀመረው ልጅ ጥቂት ልቻለው ካለ እየባሰበት ይሄዳል እንጂ አይለመድለትም።

የ6 ዓመቱን ልጅዎን በተመለከተ መልሴ ግልጽ ነው፤ በመነጽሩ እንዳይመለከት። አምራቹ ራሱ የቪአሩን እይታ ለ7 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው የፈቀደው፤ የሌንሶቹም ርቀት የማይስተካከል ስለሆነ የትንሽ ልጅ ዓይኖች ከሁለቱ መሃል ጋር አይገጥሙም። ይህ ማለት ግን ትንሹ ከጨዋታው ይገለላል ማለት አይደለም። በኪቱ ውስጥ በመነጽሩ ምትክ የሚገባ የስክሪን መያዣ አለ፤ በሶፍትዌሩም ውስጥ የቪአሩን እይታ አጥፍቶ ጨዋታዎቹን በተለመደው ጠፍጣፋ ምስል መጫወት ይቻላል። ቁራጮችን ከሉሁ ማውጣትና ምልክቶቹን መለጠፍም ለ6 ዓመት ጣቶች የሚመጥን ሥራ ነው፤ ያንን ለእርሱ ለብቻው ይተዉለት።

«ጥቂት ቀን ተጫውተው ይጥሉታል» ለሚለው ሥጋት ዋናው መድኃኒት ደግሞ የቶይ-ኮን ጋራዥ የሚባለው ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ልጁ «ይህ ሲነካ ያ ይንቀሳቀስ» እያለ ሳጥኖችን በመስመር እያገናኘ የራሱን የቪአር ጨዋታ ይሠራል። በተጨማሪም ቪአር ፕላዛ በሚባለው ቦታ ላይ ያሉት 64 አጫጭር ጨዋታዎችና ትርኢቶች በዚሁ መንገድ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ልጁ የወደደውን አንዱን ከፍቶ እንዴት እንደተሠራ ማየትና መለወጥ ይችላል። እኛ ቤት አዲስነቱ ካለቀ በኋላ ኪቱን በሕይወት ያቆየው ይህ ነው። የመጀመሪያው ሥራችን አንድ ኳስ ወደ ቅርጫት መጣል ብቻ ነበር፤ ኳሱ ከቅርጫቱ አልፎ እንዳይወድቅ ለማድረግ ልጄ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶበታል፤ ማንም አላስገደደውም።

ያገለገለ ሲገዙ ካርቶኑ ትንሽ መጨማደዱ አያስጨንቅዎ፤ ካርቶን ይጠገናል። በቀላሉ የማይተኩት ነገሮች የጌም ካርዱ፣ ሁለቱ ሌንሶች ያሉበት ፕላስቲክ፣ የሚያንጸባርቁት ምልክቶችና ላስቲኮቹ ናቸው፤ አራቱንም በዓይንዎ ሳያዩ ገንዘብ አይስጡ። ሌንሶቹ ጭረት ካለባቸው ይተዉት። ምልክቶቹ ከተላጡ ወይም በጣት ቅባት ከደበዘዙ ካሜራው በትክክል አይለያቸውም። ካርቶኑ አንድ ጊዜ ውኃ ነክቶት የደረቀ ከሆነ ደግሞ እጥፋቶቹ ላይ ስለሚላላ፣ በተለይ የዝሆኑን ኩምቢ በሁለት ጣት ይዘው መገጣጠሚያዎቹ ይወዛወዙ እንደሆነ ይፈትሹ። ከገዙ በኋላም መነጽሩን ሌንሱ ወደ መስኮት ዞሮ አያስቀምጡት፤ ሌንስ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ ስክሪንን ሊያቃጥል ይችላልና ኮንሶሉን ሁልጊዜ ከውስጡ አውጥተው ያስቀምጡ።

ስለዚህ ሁለቱ አማራጮች ከቀረቡልዎ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ማስጀመሪያውን ገዝቼ መነጽሩንና መተኮሻውን አብሬ እሠራ ነበር፤ የ9 ዓመቱ ልጅ መተኮሻውን ጨርሶ «ቀጥሎስ?» ካለ ዝሆኑንና ካሜራውን የያዘውን ጥቅል እጨምራለሁ፤ ወፉንና ፔዳሉን ለመጨረሻ አቆያለሁ። የቀረበልዎ ሙሉው ብቻ ከሆነና ከላይ ያልኳቸው አራቱ ነገሮች ከተሟሉ ግን ሳያመነቱ ይውሰዱት፤ ያልተጀመሩትን ሉሆች ከነማሸጊያቸው ደረቅ ቦታ ካስቀመጧቸው ልጆቹ እስኪደርሱባቸው ድረስ ምንም አይሆኑም።