የአንባቢያን ጥያቄ፦ «በር ተከፍቷል» ከተባለ መውጣት ግድ ነው?

ጥያቄ፦ ጌታ ይባርካችሁ። አጥቢያችን ደሴ ናት፤ ሽማግሌዎቹ ሰባት ነን። ከወጣቶቻችን ብዙዎቹ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥረው እዚያው ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ስለዚህ «ለምን እዚያ የወንጌል ጣቢያ አንከፍትም?» የሚል ሐሳብ ተነሣ። በቅርቡ በእንግድነት ያገለገለ ወንድም ማንም ሳይነግረው «በኮምቦልቻ በር ተከፍቷል» ብሎ ተናገረ። አራታችን ወዲያው ቤት እንከራይ አልን፤ ሦስቱ «ሰላም አልተሰማንም» አሉ። ሰብሳቢያችን ሦስት ቀን ጾመው «ጌታ ሂዱ ብሎኛል» ካሉ ወዲህ የሚናገር ሰው ጠፋ። የእግዚአብሔርን ፈቃድ እንዴት እንለይ?
(ሽማግሌ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ነገሩ የተያዘው «በር ተከፍቷል» የሚለው ላይ ስለሆነ ከዚያ እንነሣ። ሐዋርያው ጳውሎስ ጢሮአዳ ሲደርስ ለጌታ ሥራ በር ተከፍቶለት ነበር፤ ይህን የሚናገረው ራሱ ነው። ሆኖም ወንድሙን ቲቶን ስላላገኘው መንፈሱ ዕረፍት አጣ፤ ተሰናብቷቸውም ወደ መቄዶንያ ወጣ (2 ቆሮንቶስ 2፥12-13)። በሩ እውነተኛ ነበር፤ እሱ ግን በዚያን ጊዜ አልገባበትም። ስለዚህ የእንግዳው ወንድም ቃል ከጌታ ቢሆን እንኳ ማን ይሂድ፣ መቼ ይሂድ፣ በምን አቅም ይሂድ የሚለው ገና አልተመለሰም። እነዚህን መመለስ የእናንተ የሽማግሌዎቹ ሥራ ነው።

የተነገረውን ቃል ዛሬውኑ በቃለ ጉባኤ መዝገብ ላይ ጻፉት፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ቃል እንደተናገረ ቃል በቃል ይስፈር። ድምፁ ተቀርጾ ከሆነ ከቅጂው ገልብጡ። ይህን የምንለው ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ስለሚያድግ ነው፤ «በር ተከፍቷል» የተባለው በሁለተኛው ሳምንት «ቤት ተከራዩ»፣ በወሩ ደግሞ «እገሌን ላኩ» ሆኖ ይገኛል። ከቃሉ በታች መስመር አስምሩና የእናንተን ትርጓሜ ለብቻው ጻፉ። ነቢዩ አጋቦስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም እንደሚታሰር ሲናገር ቃሉ ትክክል ነበር፤ «እንግዲያው አትሂድ» የሚለውን የጨመሩት ግን የሚወዱት ወንድሞች ናቸው፣ ጳውሎስም አልተቀበላቸውም (ሐዋርያት ሥራ 21፥10-14)። ሁለት ወይም ሦስት ነቢያት ይናገሩ፣ ሌሎቹ ይለዩ የሚለው ትእዛዝ (1 ቆሮንቶስ 14፥29) ተናጋሪውን መናቅ አይደለም። እንግዳው ጉዳዩን ቀድሞ ሰምቶ እንደሆነም ሳታፍሩ ጠይቁት፤ ማንም አልነገረውም ብሎ መገመት አይበቃም።

«ሰላም አልተሰማንም» ያሉትን ሦስቱን በድምፅ ብልጫ አትለፏቸው፤ ይህ ቃል ብቻውን ጉዳዩን እንዲዘጋም አትፍቀዱ። ጳውሎስ ዕረፍት ያጣበት ምክንያት ይታወቅ ነበር፤ ቲቶ አልነበረም። ሦስቱም «ምን ጎደለ?» ተብለው በየተራ ይጠየቁ። ብዙ ጊዜ ከዚህ ቃል ጀርባ የሚወጣው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ገንዘቡ አይበቃም፣ የሚላከው ሰው አልበሰለም፣ ወይም ውሳኔው እኛ ሳንጠየቅ አልቋል። የመጀመሪያው በስሌት፣ ሁለተኛው በጊዜ፣ ሦስተኛው ይቅርታ በመጠየቅ ይፈታል። ለሦስቱም አንድ ዓይነት «እንጸልይ» የሚል መልስ መስጠት ልብ ያሻክራል።

ወደ ጸሎቱ ከመግባታችሁ በፊት ከሰው ጠይቃችሁ የምታገኙትን ከሰው ጠይቁ። ነህምያ አያሌ ቀን ጾሞና ጸልዮ፣ ኢየሩሳሌም ሲደርስ ደግሞ በሌሊት የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ አየ፤ ለሹማምንቱ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም ሁለት ሰው ኮምቦልቻ ውረዱና ልጆቹን በየቤታቸው አግኟቸው። የማን ፈረቃ መቼ ነው? ሌሊት ሠርቶ ጠዋት የሚገባ ልጅ እሑድ 3 ሰዓት ላይ በተጠራ ፕሮግራም አይመጣም፤ ቢመጣም ይተኛል። ስንቶቹ እሑድ ደሴ ወጥተው ከቤተሰብ ጋር ማምለክ ይመርጣሉ? እዚያው ካለች ሌላ የወንጌል አማኞች አጥቢያ ጋር የተቀላቀሉስ? እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ የዚያችን አጥቢያ መጋቢ ማነጋገር ግዴታችሁ ነው። የሚከራየው ቤት ባለቤት ቤቱ ለአምልኮ እንደሚውል ያውቁ፣ በውሉም ላይ ይጻፍ፤ «ለመኖሪያ» ተብሎ የተፈረመ ውል ጎረቤት ስለ ድምፅ ማጉያ ባማረረ ቀን ይፈርሳል። ወጪውን የ12 ወር አድርጋችሁ አስሉ፦ ኪራይ፣ የአገልጋዩ ደመወዝ፣ የሳምንት መጓጓዣ፣ ወንበር። ማታ ፕሮግራም ካሰባችሁ በክረምት በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን አቀበት ጉም ሲይዘው አገልጋዩ እንዴት እንደሚመለስ፣ ካልተመለሰም የት እንደሚያድር ይወሰን። ኢያሱና አለቆቹ «ከሩቅ አገር መጣን» ብለው ያታለሏቸውን ገባዖናውያን የተቀበሉት ስንቃቸውን አይተው እግዚአብሔርን ሳይጠይቁ ነበር (ኢያሱ 9፥14)። የእናንተ አደጋ ተቃራኒው ነው፤ እግዚአብሔርን እየጠየቃችሁ ስንቁን አላያችሁም።

ከዚህ በኋላ ለጸሎቱ ሦስት ሳምንት ይበቃል። ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ለምሳሌ «በዚህ ዓመት፣ በእነዚህ ሰዎች፣ በዚህ ገንዘብ ኮምቦልቻ ላይ ሥራ እንጀምር?» በሳምንት አንድ ቀን አብራችሁ ጹሙ፣ እስከ 9 ሰዓት ይበቃል፤ የስኳር ሕመም ያለበትና ጨጓራ የሚያስቸግረው ምግብ በልቶ ይጸልይ። ከሐዋርያት ሥራ 13 እስከ 16 ያለውን በጋራ አንብቡ። በጸሎቱ ሰዓት ክርክር አይነሣ። «ጌታ ሆይ፣ አንዳንዶች ይህን የማይረዱትን ልባቸውን ክፈት» ዓይነት ጸሎት ክርክር ነውና ሰብሳቢው ያስቁመው። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ እያንዳንዱ ሽማግሌ ሳይነጋገር አሳቡንና ምክንያቱን በወረቀት ይጻፍ፤ ወረቀቶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ይነበቡ። በቃል ከተጀመረ ታናሹ ይሉኝታ ይዞት ታላቁን ይከተላል፣ እናንተም ያንን አንድነት ትሉታላችሁ።

ሰብሳቢው በመጨረሻ ይናገሩ። ጾማቸውን እናከብራለን፤ ነገር ግን «ጌታ ብሎኛል» ከተባለ በኋላ ማን ምን ሊል ይችላል? ናታን እውነተኛ ነቢይ ነበር፤ ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ ያሰበውን ዳዊትን «በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ» አለው፣ በዚያው ሌሊት ግን እግዚአብሔር አረመው፣ እሱም ተመልሶ ነገረው (2 ሳሙኤል 7)። ከእሳቸው የሚጠበቀው ይኼው ነው፦ «በጸሎት ላይ እንዲህ ተረድቻለሁ፣ እናንተ መዝኑት» ይበሉ። ይህን በስብሰባ ፊት ሳይሆን ቤታቸው ሄዶ፣ ከሦስቱ ሳይሆን ከአራቱ አንዱ ቢነግራቸው ይሻላል፤ ከደጋፊያቸው ሲሰሙት አይከፉም።

አሁንም አራትና ሦስት ሆናችሁ ብትቀሩ ቤት አትከራዩ። ሁሉም ካልተስማማ አይወሰንም የሚል ሕግ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አላገኘንም፤ ነገር ግን የሚላከውን ሰው እጅ ጭናችሁ የምትሸኙት ሰባታችሁ ናችሁ፣ ችግር ሲመጣም ሰባታችሁ ትፈለጋላችሁ። በአንዱ ወጣት ቤት፣ በፈረቃቸው መሠረት፣ በሳምንት አንድ ቀን የቤት ኅብረት ለሦስት ወር ጀምሩ። የሚገመገምበትን ቀን ከመጀመሪያው ወስኑ፤ ምን ከታየ እንደሚቀጥል፣ ምን ከታየ እንደሚቆም ሦስቱ ሽማግሌዎች ራሳቸው ይጻፉት። ቀን ያልተቆረጠለት ሙከራ ማንም ሳይወስን ቋሚ ይሆናል፣ ያኔ ቅሬታው ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የማገለግል ወንጌላዊ ነኝ። ሌላ ከተማ ያለች ቤተ ክርስቲያን ፈልጋኛለች። «እስከ እሑድ ከደወሉ ከአንተ ነው» ብዬ ጸለይኩ፤ ቅዳሜ ደወሉ። ልሂድ?

መልስ፦ ስልኩ ሊደወል የሚችለው ሰዎቹ ስለፈለጉዎት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በራሱ ብዙ አይነግርዎትም። ጌዴዎን ምልክት ፈልጎ የበግ ጠጉር በአውድማ ላይ ያስቀመጠው «ሂድ» ከተባለ በኋላ ስለፈራ ነው (መሳፍንት 6)፤ እግዚአብሔር ታገሠው እንጂ ይህን ሥርዓት አድርጎ አልሰጠም።

ለጠሩዎት ከመመለስዎ በፊት አሁን ላሉበት አጥቢያ ሽማግሌዎች ይንገሩ፤ ከሌላ ሰው ከሰሙት ምክራቸውን ያጣሉ። ባለቤትዎን «ጌታ ብሎናል» ሳይሉ ምን እንደሚታያቸው ይጠይቁ፤ ለመልሳቸውም ቀን ይስጧቸው። ከጠሩዎት ዘንድ የሥራ ድርሻውን፣ ደመወዙን፣ መኖሪያውንና ተጠሪነትዎን በጽሑፍ ያግኙ። ካሉበት አጥቢያ ያልተፈታ ጠብ ካለዎት መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ፤ ከጠቡ በኋላም መሄድ ከፈለጉ ጥሪው የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ከተስማሙ ደግሞ የደቀ መዝሙር ክፍልዎን የሚረከብ ሰው ለማዘጋጀት ቢያንስ ሁለት ወር ይጠይቁ፤ ሁለት ወር የማይታገሡ ከሆነ ለምን እንደቸኮሉ ይጠይቋቸው።